ሥራ ሲደራረብ የቱ ይቅደም?

(በሲሪንቃ ከማታ ትምህርት በኋላ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ከፊደል ገበታው ትንሽ ዞር ብለን ስለ ሥራ እንጨዋወት። እርሻ ልናስተምራችሁ አይደለም። በእርሻ መምህራኑ እናንተ ናችሁ፤ እኛ ተማሪዎች ነን። ልናነሣው የፈለግነው አንድ ጥያቄ ነው። ሥራ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጥቶ «እኔን አስቀድሙ! እኔን አስቀድሙ!» ሲል ሰው ምን ያደርጋል?

እስቲ ነሐሴን ተመልከቱ። ጤፉ ልታረም ይላል። ማሽላው ልኮትኮት ይላል። ለሽምብራ የታሰበው ማሳ ልታረስ ይላል። ጎርፍ ቦዩን ጥሶ ገብቷል። ላሚቱ ልትወልድ ደርሳለች። ልጁን ትኩሳት ይዞታል። ለቅሶ ተሰምቷል፤ ከቅሬ ደግሞ አይቀርም። በዚህ ሁሉ ላይ እኛ መጥተን «ማታ ማታ ለትምህርት ኑ» አልናችሁ። ሰውየው ግን አንድ ነው። እጁም ሁለት ነው። ቀኑም ያው አንድ ቀን ነው።

ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ከሦስት ነገር አንዱ ያገኘዋል።

አንደኛ፣ ሁሉንም ይጀምራል፤ አንዱንም አይጨርስም።

ሁለተኛ፣ ቀላሉን ሥራ እየመረጠ ከከባዱ ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል፤ ዋናው ሥራ ግን ሳይነካ ይመሻል።

ሦስተኛ፣ መላው ይጠፋውና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሰው ሰነፍ ይለዋል። እሱ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀምር ስላላወቀ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም። በራሳችን ስለ ደረሰ ነው የምንነግራችሁ።

የእኛ ስሕተት

ወደ ሲሪንቃ ስንመጣ ዕቅዳችን ረጅም ነበረ። እናስተምራለን አልን። የመጸዳጃ ጉድጓድ እንቆፍራለን አልን። ችግኝ እንተክላለን አልን። ምንጭ እናጸዳለን አልን። የየቤቱን ሰው ቁጥር እንመዘግባለን አልን። ማንበቢያ ቤት እናቆማለን አልን። ለወጣቶችም የኳስ ሜዳ እንደለድላለን አልን። ሰባት ሥራ በሰባት ሳምንት! አንድ ነገር ግን ረሳን፤ ይኸውም ከሰባቱ የትኛው እንደሚቀድም አልተነጋገርንም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ተቆፍሮ ዝናብ ሞላው። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ቅጠሉ ረገፈ። መዝገቡ ከአምስት ቤት አላለፈም። እርስ በርሳችንም መነታረክ ጀመርን። አንዱ «ዶማው የት ሄደ?» ሲል፣ ሌላው «እኔ ምን አውቄ!» ይላል። አንድ ማታ አንዱ ጓደኛችን በሰሌዳው ላይ «ገ» ብሎ ጽፎ ጠመኔውን እንደያዘ በቁሙ ሲያንቀላፋ አይታችሁ ስቃችሁበታል። መሳቃችሁ ደግ ነበረ።

በዚያው ሰሞን ከአርባ ተማሪዎች ዘጠኝ ብቻ የመጡበት ማታ ነበረ። እኛ ተቆጣን። «ትምህርት የሚወድ ሰው ጠፋ» ብለን በስብሰባ ላይ ተናገርን። ያን ጊዜ አንድ አባት ብድግ አሉና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ለእናንተ ሐምሌና ነሐሴ ዕረፍት ነው። ለእኛ የዓመቱ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ነው። ምጣዱ ግሎ ሳለ ጥሎ የሚሄድ ማን ነው?»

አፍረን ዝም አልን። እውነት ነበረ። ነገሩ በእኛም አልተጀመረ። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ክረምት ተማሪና መምህር ከክፍል የሚያርፉበት ወቅት ነው። ገበሬ ግን በክረምት እግሩን አያሳርፍም። የአስተማሪው ትርፍ ጊዜ የተማሪው የጭንቅ ጊዜ ሆኖ ተገጣጠመ። እኛም ይህን ሳናይ ጥፋቱን በእናንተ ላይ ጣልን።

ከዚያ በኋላ ተቀምጠን ተመካከርን። እናንተንም ጠየቅን። ከዚያ ምክክር ያገኘናቸው አራት መለኪያዎች አሉ። ሥራ ሲደራረብ በእነዚህ መመዘን ይቻላል።

አንደኛው መለኪያ፦ ጊዜው ካለፈ የማይመለሰው የቱ ነው?

ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነገም ይገኛል። ሌላው ዛሬ ካለፈ አይገኝም። የቤት ልስን በበጋም ይደረስበታል። አረም የዋጠው ጤፍ ግን በበጋ አይታረምም።

ይህን መለኪያ እናንተ ከእኛ በፊት ታውቁታላችሁ። የበልጉ ዝናብ ደኅና ከጣለ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። በልጉ ከቀረ ገበሬው ተቀምጦ አያለቅስም። ሐምሌ ሲገባ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። በክረምቱ መውጫ ደግሞ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ይህ እኮ ቅደም ተከተል ነው! እዚሁ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ብዙ ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ፣ ቶሎ የሚደርስና የዝናብ እጥረት የሚችል የማሽላ ዘር መፈለግ ነው። ጊዜ የእርሻ ግማሹ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ በማሳ ላይ የምታውቁትን በሌላውም ሥራ ላይ አውሉት ነው የምንለው።

ከሌላ አገር አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከ200 ዓመት በፊት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ዶሚኒክ ላሬ የሚባል ሐኪም ነበረ። በጦር ሜዳ ቁስለኛው ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው። ላሬ ማዕረግ አልተመለከተም። ወገንና ጠላትም አልለየም። ቁስሉ የከፋውን ሰው አስቀደመ። ልብ በሉ፤ በጣም የጮኸውን አላለም። ክፉኛ የቆሰለ ሰው አንዳንዴ የመጮህ አቅም እንኳ የለውም።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። የሐብሩ ቆላ ወባ ያለበት አገር ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። በዚያው ጊዜ ሰብሉም ይደርሳል። ማሳው በሩቅ ይታያል፤ ጎረቤትም «እጨድ እንጂ!» ይላል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግን ጥግ ላይ ተኝቷል፤ አይጮኽም። የጤና ባለሙያዎች ትኩሳት የያዘው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር ይላሉ። ከአጨዳው አንድ ቀን ይጉደል። የጎደለውን ቀን ጎረቤት ይሞላዋል። ሕፃኑን ግን የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛው መለኪያ፦ ዛሬ ትንሽ ሆኖ ነገ ብዙ የሚሆነው የቱ ነው?

አቀንጭራን የማያውቅ የለም። ወይን ጠጅ የመሰለ አበባው ሲያዩት ያምራል። ሥራው ግን የሌባ ነው። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር ያጣብቅና ውኃውንና ምግቡን ይጠጣበታል። ከመሬት ብቅ ሳይል ጉዳቱን ይጀምራል። ማሽላው ዝናብ እየዘነበ የተጠማ ይመስላል።

የአቀንጭራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ በአፈር ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር ሲቀርበው ይነቃል።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። አቀንጭራ ሳያብብ መንቀል ለአንድ ማሳ የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። አብቦ ዘሩን ከበተነ ግን ለልጅ የሚተርፍ ዕዳ ነው። «ጥቂት ናት፣ ነገ እነቅላታለሁ» ያልናት ተክል ነገ አንድ አይደለችም።

ይህን አረም ለመታገል ዕድሜያቸውን የሰጡ አንድ ኢትዮጵያዊ አሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይባላሉ። የማሽላ ተመራማሪ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር እንዲገኝ ከጓደኞቻቸው ጋር ብዙ ዓመት ሠሩ። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች ከዚህ ድካም የተገኙ ናቸው። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበሉ። የማሽላ ችግር ብዙ ነው፤ ድርቅ አለ፣ ተባይ አለ፣ ወፍ አለ። በአቀንጭራ ላይ ግን ዓመት ከዓመት ሳይለቁ ጸኑበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እሳቸው አልቸኮሉም፤ ግን አልተውትም።

በቤትም ውስጥ እንደ አቀንጭራ ያለ ነገር አለ። ትንሽ ዕዳ፣ ትንሽ ጠብ፣ የጣሪያ ቀዳዳ፣ ጎተራ ውስጥ የገባ ነቀዝ። ሳያብብ ይነቀል።

ሦስተኛው መለኪያ፦ ይህን ሥራ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ወይ?

ከተማሪዎቻችን መካከል ቀድመው ማንበብ የጀመሩ አንዲት እናት ነበሩ። ታሪኩን የምንነግራችሁ ፈቅደውልን ነው። እኒህ እናት ለአሥር ቀን ያህል ቀሩ። ቤታቸው ሄድን። እንጀራ እየጋገሩ አገኘናቸው።

«ታመው ነው ወይ?» አልናቸው።

«አልታመምኩም፤ ቀኑ እያለቀብኝ ነው» አሉን።

ከዚያ በጣታቸው ይቆጥሩልን ጀመር። «ዶሮ ሲጮህ እነሣለሁ። ውኃ እቀዳለሁ። ቡና አፈላለሁ። እንጀራ እጋግራለሁ። ለአራሚው ምሳ ይዤ እወርዳለሁ። ከወረድኩም አብሬ አርማለሁ። ስመለስ እንጨት እሸከማለሁ። ከብት ሲገባ ላም አልባለሁ። ራት አቀርባለሁ። ልጅ አስተኛለሁ።» እዚህ ላይ አሥሩ ጣት አለቀ። «እናንተ የምትጠሩን ይኸኔ ነው» አሉን።

ጣታቸው አለቀ፤ ሥራቸው ግን አላለቀም።

ባለቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበረ። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ሥራ ብዬ የምቆጥረው የማርሰውን ነበር» አሉ። በማግሥቱ የውኃው ነገር ለትልቁ ልጅ ተሰጠ፤ በአህያ ያመጣል። እንጨቱን አባት ከማሳ ሲመለሱ ይዘው ሊገቡ ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀለለ ብለን አንዋሻችሁም። እኒያ እናት ዛሬም ማታ ማታ አይመጡም። በሳምንት ሁለት ማታ ይመጣሉ። እነዚያን ሁለት ማታዎች ግን ቀርተው አያውቁም።

ለዚህ ነው አባቶቻችን ደቦና ወንፈልን የፈጠሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ በወረደ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ የደረሰውን ሰብል አንበጣው ሳይቀድም ለመሰብሰብ ብዙ ሰው ወጣ። ሌላው ሥራ ሁሉ ቆይ ተባለ። አንበጣ ሲመጣ እንዲህ የምናደርገውን፣ ጎረቤት ሲጨነቅስ ለምን አናደርገውም? የቤት ሥራስ ደቦ ለምን አይኖረውም?

አራተኛው መለኪያ፦ ቢቀር ምን ይጎዳል?

ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ሰው የጀመረውን መተው ያፍራል። እኛም አፍረን ነበረ። ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ሰባት ዛፍ ላይማ እንዴት ይወጣል!

ሰባቱን ሥራ አንድ በአንድ መዘንናቸው። የኳስ ሜዳው ቢቀር ወጣቱ በተገኘው ሜዳ ይጫወታል፤ ተውነው። ምዝገባው በበጋም ይደርሳል፤ ተውነው። ማንበቢያ ቤቱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየነው። ግማሹን የተቆፈረው ጉድጓድ ለሕፃናት አደጋ ስለሆነ መልሰን ደፈንነው። ችግኙ ግን ሞተ። ለዚያ ሰበብ የለንም።

ሁለት ሥራ አስቀረን፦ ማስተማርና ምንጩን ማጽዳት። ምንጩን የመረጥነው ለምንድን ነው? የቅርቡ ምንጭ ንጹሕ ከሆነ ሰው ሩቅ አይሄድም። የእናቶች ሰዓት ይተርፋል። በተረፈው ሰዓት ደግሞ መማር ይቻላል። አንድ ሥራ ሌላውን ሥራ ካቀለለ እሱ ይቅደም። የትምህርቱንም ሰዓት እናንተ መረጣችሁ፤ ከራት በኋላ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው በዛ።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ

ፊደል ያወቀ ሰው አንድ ትልቅ ረዳት አግኝቷል። በራሱ ላይ የተሸከመውን ሥራ በወረቀት ላይ ሊያወርደው ይችላል። ሥራ በሐሳብ ውስጥ ሳለ ተራራ ያህላል። በወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ መሥመር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሳታማርጡ ጻፉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ፊደል ጻፉ፦

ዛ ማለት ዛሬ ነው። ጊዜው የማይመለስ፣ ወይም ነገ የሚበዛ ሥራ ነው።

ነ ማለት ነገ ነው። ሊቆይ የሚችል ሥራ ነው።

አ ማለት አጋዥ ነው። ሌላ ሰው ሊሠራው ወይም ሊያግዘን የሚችል ነው።

ይ ማለት ይቅር ነው።

ለምሳሌ ያህል፦

ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ — ዛ
አቀንጭራ መንቀል — ዛ
ጤፍ ማረም — ዛ፣ አ
ውኃ መቅዳት — አ
ለሽምብራ ማረስ — ነ፣ ሐሙስ
ፊደል መጻፍ — ነ፣ ማክሰኞ ማታ
ቤት መለሰን — ነ፣ በኅዳር
ስለ አንድ ሸክም ሣር ከጎረቤት ጋር መካሰስ — ይ

የሣቁ አሉ! ቢሆንም ለአንድ ሸክም ሣር ስንት የአረም ቀን እንደሚባክን ቁጠሩት።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ በሁሉም ላይ «ዛ» ከጻፋችሁ ምንም አልመረጣችሁም። ለአንድ ቀን ከሦስት «ዛ» አይለፍ። ሁለተኛ፣ «ነ» ያላችሁት ሥራ ቀን ይኑረው። ቀን የሌለው ነገ ስንፍና ነው። ሦስተኛ፣ «አ» ካላችሁ በኋላ ሰውየውን ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚጠራው ከሌለ ደቦ በራሱ አይመጣም።

ወረቀት ጤፍ አያርምም፤ ይህንም እናውቃለን። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ ዝርዝር አያድነውም። ያን ጊዜ «አልቻልኩም፣ አግዙኝ» ማለት ነው። ይህን ማለት ነውር አይደለም። እኛም ብለነዋል፤ እናንተም አግዛችሁን ምንጩ ተጸዳ።

ትምህርትስ የት ይመደብ?

ይህን ጥያቄ ሸሽተን አንሄድም። በነሐሴ ወር ከጤፍ በፊት ትምህርት ይቅደም አንልም። ያን ማለታችን ስሕተት ነበረ። ግን ፊደል ዝም ብሎ የሚሞት ነገር ነው። ጤፉ በአረም ሲዋጥ ይታያል፤ ፊደል ሲረሳ ግን አይታይም፣ አይጮኽም። አንድ ቀን የማዳበሪያ ደረሰኝ ወይም የልጅ ደብዳቤ ይመጣና ያን ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ «ነ» በሉትና ቀን ስጡት። በሳምንት ሁለት ማታ፣ አንድ አንድ ገጽ ይበቃል። ማጭድ ከአጨዳው በፊት ይሳላል፤ በየጊዜው ካልተሳለም ይዶለዱማል።

እንግዲህ ምን አልን? የሚጮኸው ሁሉ አይቀድምም። ጊዜው የማይመለሰው ይቅደም። ሳያብብ የሚነቀለው ይነቀል። የሚጋሩት ይጋሩት። የሚቀረው ይቅር። የቀረው ሥራ በየተራው ይሠራል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መልካም የአረም ወቅት ያድርግልን። ደኅና እደሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዚህ ሳምንት ያለባችሁን ሥራ ሁሉ ጻፉ። ዛ፣ ነ፣ አ እና ይ በሉት።
2. በቤታችሁ ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ መጨረሻ የሚተኛው ማን ነው? ከሥራው የትኛውን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል?
3. በደቦ ጊዜ የማን ማሳ ይቀድማል? በምን ትለያላችሁ?
4. «ሳያብብ መንቀል» የሚባል ነገር በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ምን አለ?